ለአምስት ዓመት ልጅ ከደብተር በፊት ተረት ይቅደም

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች ትምህርት ቢሮዎች
ለግል አፀደ ሕፃናት ባለቤቶችና ርእሰ መምህራን

ጉዳዩ፦ ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለንባብ የሚዘጋጁበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣

እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ቀድሞ ገጠር ውስጥ፣ አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ መስከረም በጠባ ቁጥር አዳዲስ ልጆች እቀበላለሁ። የቅድመ አንደኛ ትምህርት ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መሄዱን በዓይኔ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ለዚያ የደከማችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ክፍሎቹ በበዙ ቁጥር አንድ ልማድም አብሮ ሥር እየሰደደ ነው። ልጅን ለንባብ ማዘጋጀት ማለት ፊደል በኅብረት ማስጮህና ደብተር ላይ ማስገልበጥ ሆኖ ቀርቷል። እናት ከልጇ ጋር የምታወራው፣ አያት የሚተርቱት፣ ልጆች እርስ በርስ የሚጫወቱት ጨዋታ ከዕቅዳችሁም ከቁጥጥራችሁም ውጭ ነው። የምጽፍላችሁ ይህ አካሄድ እንዲታረም ለመጠየቅ ነው።

ነገሩን ከክፍሌ ልጀምር። በትምህርት መክፈቻ ሰሞን የፊደል ገበታ እሰቅልና ተራውን ሳልጠብቅ አንድ ፊደል እጠቁማለሁ። “ሚ”ን ስነካ፣ አፀደ ሕፃናት ጨርሶ የመጣው ልጅ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። “መ... ሙ... ሚ” ብሎ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ፊቱ ይበራና “ሚ!” ይለኛል። “ጭ”ን ስጠቁም ግን የት እንደሚጀምር ይጠፋዋል፤ አንዳንዱ ከ“ሀ” ተነሥቶ መዝለቅ አለበት። ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጮኽ የኖረውን አሳምሮ ይዞታል፤ የያዘው ግን ዜማውን ነው። ገበታው ላይ ያለውን ቅርፅ ከድምፁ ጋር ያገናኘለት ሰው አልነበረም።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን በተራ ከዘለቀ በኋላ አቡጊዳ ይሰጡታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ይቀያየራል፤ በቃሉ ሸምድዶ የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። በዚያ ላይ ተማሪው ፊደሉን አንድ በአንድ በስንደዶ እየነካ ነው የሚዘልቀው። እኛ ከዚያ ትምህርት ቤት ጩኸቱን ወርሰን መጠቆሙንና ማፈራረቁን ተውነው።

ከዚሁ ልጅ አጠገብ ደግሞ ደብተሯ ሙሉ የሆነ ልጅ ትቀመጣለች። ከግል አፀደ ሕፃናት የመጣች ናት። ገጹ ሁሉ ከላይ እስከ ታች በ“ለ ለ ለ ለ” የተሞላ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ “ጎበዝ” ተብሎበታል። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ምንም ይሁን ምን አሳምራ ትገለብጣለች። “ምን ብለሽ ጻፍሽ የኔ እናት?” ስላት ግን ታቀረቅራለች። እጇ ሠልጥኗል፤ የጻፈችው ቃል መሆኑን፣ ቃሉም እሷ ራሷ በየቀኑ የምትናገረው መሆኑን የነገራት የለም።

ሦስተኛው ልጅ አያቱ ዘንድ ያደገ፣ የአፀደ ሕፃናት ደጃፍ ያልረገጠ ነው። እርሳሱን በጭብጡ ይጨብጠዋል፤ ከፊደል አንዱንም አያውቅም። የጅብና የጦጣ ተረት ስጀምርላቸው ግን መሐል ላይ ያቋርጠኝና “አሁን ጅቡ ሊታለል ነው!” ይላል። ለምን ብዬ ስጠይቀው ምክንያቱን ይነግረኛል፤ ከአያቱ የሰማውን ሌላ ተረትም ጨምሮ ያወራልኛል። እንዲህ ያለ ልጅ ፊደሉን አንዴ ከለየ በኋላ ንባቡ ይፈጥንለታል። ሁሉም ይቀናቸዋል አልልም፤ ጠዋት ሳይበሉ የሚመጡ አሉ፣ በገበያ ቀን የሚቀሩ አሉ። ሆኖም ይህ ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነገር እኔ ብዙ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ በአንድ ክፍለ ጊዜ ልሰጠው የማልችለው ነው። ፊደሉን እኔ እሰጠዋለሁ።

ምክንያቱን በአጭሩ ላስረዳ። ማንበብ የሚጀምር ልጅ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ቃል በድምፅ የተከፋፈለ መሆኑን በጆሮው መለየት ነው። በዚህ በኩል ፊደላችን ታድሎናል፤ እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ “አበባ”ን እያጨበጨበ አ፣ በ፣ ባ ብሎ መክፈል የሚችል ልጅ ለንባብ ግማሽ መንገድ ተጉዟል። ልጆች በየሰፈሩ በየቃሉ መሐል ድምፅ እየሰነቀሩ የወፍ ቋንቋ ሲነጋገሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ያለ ደብተር፣ ያለ መምህር። ሁለተኛው ደግሞ ቃሉን አስቀድሞ ማወቅ ነው። “ሰበረ”ን በጨዋታ ያወቀ ልጅ “ተሰበረ”ን፣ “አሰበረ”ን፣ “ተሰባበረ”ን፣ “ስብርባሪ”ን መጽሐፉ ላይ ሲያገኛቸው አይደነግጥም። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ምን እንዳነበበ አያውቅም። እኔ ከልጆቼ ብዙዎቹን የማጣቸው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ የእኔ ክፍል ብቻ ቢሆን ለርእሰ መምህሬ ነግሬ ዝም እል ነበር። በ2002 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪኛ በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያ ውጤት ሁላችንንም አስደነገጠ። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በአዲስ መልክ ተዘጋጁ፣ መምህራን ሠለጠኑ፤ እኔም ከሠለጠኑት አንዷ ነኝ፤ ጠቅሞኛል። ነገር ግን ያ ጥረት የተጀመረው ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ባሉበት ቀሩ።

የተረሱት ሳይታሰብ ቀርቶ ቢሆን ቅሬታዬ ይቀል ነበር። ታስቦበታል፣ በወረቀትም ሰፍሯል። በዚያው በ2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ሚኒስቴርና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች አሉት። የመጀመሪያው የወላጆች ትምህርት ነው። ሁለተኛው ከፅንስ ጀምሮ ሦስት ዓመት አልፎት እስኪሄድ ድረስ ለልጁ የሚደረግ የጤናና የማነቃቃት ሥራ ነው። ሦስተኛው ከአራት ዓመት በላይ ላሉት አፀደ ሕፃናት ነው። አራተኛው ደግሞ አፀደ ሕፃናት በሌለበት ሰፈር ታላላቅ ልጆች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያዘጋጁበት ነው። እነዚህን አራት ምሰሶዎች የጻፉት ሰዎች የልጅ ንባብ የሚጀመረው ቤት ውስጥ መሆኑን በደንብ ያውቁ ነበር።

በተግባር የታየው ግን በአመዛኙ ክፍል ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቅድመ አንደኛ ትምህርት የሚያገኙት ዕድሜያቸው ከደረሰ 100 ሕፃናት ከ5 የማይበልጡ ነበሩ፤ እነሱም በአብዛኛው የከተማ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ልጆች ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገቡበት “ኦ ክፍል” በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተከፈተና ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሩብ በላይ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አድርጎ በሥርዓቱ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ገጠር ሳስተምር ከእኔ ክፍል አጠገብ የነበረውን ኦ ክፍል ላሳያችሁ። አግዳሚ ወንበሩ የአራተኛ ክፍል ስለነበር የልጆቹ እግር መሬት አይደርስም። ግድግዳው ላይ ከአንድ የተቀደደ የፊደል ገበታ በስተቀር ምንም የለም። አንዲት ኳስ፣ አንዲት አሻንጉሊት፣ አንዲት የሥዕል መጽሐፍ የለችም። መምህሯ ለከፍተኛ ክፍል የሠለጠነች ስትሆን የተመደበችው ክፍለ ጊዜ ስላነሳት ነው፤ በዓመቱ ሌላ ሰው ተተካ። እሷ ምን ታድርግ? የምታውቀውን አደረገች፤ “ሀ በሉ!” አለች። ልጆቹም ጮኹ።

ሱፐርቫይዘሮች ሲመጡ የሚጠይቁትንም ልንገራችሁ። ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንት አቋረጠ፣ ፊደል እስከ የት ድረስ ተሸፈነ። ቼክሊስቱ ላይ “ተረት ተነግሯል ወይ?”፣ “ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ ወይ?”፣ “ወላጆች ተጠርተው ተመክረዋል ወይ?” የሚል ጥያቄ አይቼ አላውቅም። መምህር ደግሞ የሚጠየቅበትን ይሠራል። ፊደል ሸፍኚ ከተባለች ትሸፍናለች፤ የልጆቹ አፍ ግን ተዘግቶ ይውላል።

የግል አፀደ ሕፃናት ባለቤቶች ሆይ፣ ወደ እናንተም ልምጣ። ከመካከላችሁ ልጆችን በጨዋታ የሚያስተምሩ፣ አሸዋና ጭቃ የሚያዘጋጁ፣ ወላጅ የማይወደው ቢሆንም ለልጁ የሚበጀውን የሚያደርጉ እንዳሉ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ ግን የአራት ዓመት ልጅ ላይ ከ230 በላይ የአማርኛ ፊደል ቅርፅ፣ በላዩ ደግሞ 52 ትልልቅና ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ትጭናላችሁ፤ ያን ሁሉ በእርሳስ። ማታ የቤት ሥራ ተብሎ ሁለት ገጽ ይሰጠዋል። እናት ከሥራ ደክማ ገብታ የልጇን እጅ በእጇ ይዛ ትጽፍለታለች፤ ልጁ ያለቅሳል፣ እሷ ትቆጣለች። ተረት ሊነገርበት ይችል የነበረው ሰዓት በለቅሶ ያልፋል። በአራት ዓመቱ የጣቶቹ ጡንቻ ገና ነው። ጭቃ ቢያድቦለብል፣ ዶቃ ቢሰካ፣ በከሰል መሬት ላይ ቢሞነጫጭር እርሳሱን በጊዜው ያለ ጭንቅ ይይዘዋል።

ወላጆች እንደሚገፏችሁ አውቃለሁ። “ቲቸር፣ ዛሬም እኮ ደብተሩ ባዶ ነው” የምትል እናት አለች፤ ላወጣችው ገንዘብ የሚታይ ነገር መፈለጓ አያስወቅሳትም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል የስድስት ዓመት ልጅ በጽሑፍ ፈትነው ስለሚቀበሉ ፍርሃቷም መሠረት አለው። ግን ለወላጅ የሚነግረው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያው እናንተ ናችሁ። እንግሊዝኛውንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። ልጁ በቤቱ በማይሰማው ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ሲውል የሚያተርፈው የጥቂት ዕቃዎች ስምና ጥቂት መዝሙሮች ነው። በአማርኛ ወይም ቤቱ በሚነገረው በሌላው ቋንቋ ግን መጠየቅ፣ ማስረዳት፣ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር ይችል ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆኖ፣ ሁለቱንም በቅጡ ያልያዘ ልጅ ወደ እኔ ይመጣል። እንግሊዝኛ አይማሩ አላልኩም፤ ጊዜ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ወላጆች ልመለስ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት ጉሊት የምትሸጥ እናት “እኔ አልተማርኩም መምህርት፣ ምኑን ላስጠናው?” አለችኝ። ይህንን ስንት እናትና አባት ይለዋል! ሥርዓቱ ደብተርን ብቻ ትምህርት ብሎ ስላሳያቸው፣ ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ከልጁ ትምህርት ውጭ ነኝ ብሎ ያምናል። እኔም እንዲህ አልኳት። ልጅሽ አጠገብሽ ሲውል ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን መድቦ ይቁጠርልሽ፤ ትልቁን ከትንሹ፣ የበሰለውን ከጥሬው ይለይልሽ፤ ሲለይ ለምን እንደለየው ይንገርሽ። ማታ እንቆቅልህ በይው፤ “ምን አውቅልህ” ይበልሽ፤ ያላወቀው እንደሆነ አገር ይስጥሽ። ተረት ስትጨርሺለት መልሶ ይተርትልሽ። ስሙ በየትኛው ድምፅ እንደሚጀምር ጠይቂው፤ በዚያው ድምፅ የሚጀምር ሌላ ስም ይፈልግልሽ። ከዚህ ውስጥ ማንበብ የሚጠይቅ አንድም የለም። አልጋ ላይ፣ ቡና እስኪፈላ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚደረግ ነው። ልጁ በታክሲ ረዳት አፍ “መገናኛ! መገናኛ!” ሲባል ሰምቶ ታፔላው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲጠቁሙለት፣ ጽሑፍ የሚነገረውን ቃል እንደሚይዝ ይገባዋል። ይህ ሲገባው የንባብ በር ተከፍቶለታል።

ይህን ምክር ለእያንዳንዱ ወላጅ ማድረስ የምችለው እኔ አይደለሁም፤ ልጁ እኔ ጋ ሲደርስ ሰባት ዓመቱ ነው። ልታደርሱት የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ መንገዱም ተዘርግቷል። በገጠር በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመድበዋል፤ በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ስለሆነው እናቶች ያውቋቸዋል፣ ያምኗቸዋል። እናት ልጇን ለክትባት ይዛ ስትመጣ “ጡት ስታጠቢው አውሪው፣ ሲንተባተብ መልሺለት፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ተረት ጀምሪለት” የሚል አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ምክር ቢጨመር ምን ይከብዳል? የክትባት ካርዱ ላይ በሥዕል ቢታተም? የአዲስ አበባ ከተማ በቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራሙ ቤት ለቤት ወላጆችን የማማከር ሥራ ጀምሯል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። የከተማዋ ልጆች ብቻ ዕድል ሆኖ እንዳይቀር እማጸናለሁ፤ አማካሪዎቹ ከክብደትና ከምግብ ቀጥለው ስለ ጨዋታና ስለ ተረትም እንዲያነሡ በዕቅዳቸው ይስፈርላቸው።

ሬዲዮና ቴሌቪዥንም አለ። አባባ ተስፋዬ ለአራት አሥርት ዓመታት ገደማ በቴሌቪዥን የተረቱትን የሰማ ትውልድ ዛሬ ወላጅ ሆኗል፤ እስካሁን ሲያነሣቸው ፊቱ ይፈካል። ከሳቸው በኋላም “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለችው የሕፃናት ዝግጅት ዓለም አቀፍ ሽልማት እስክታገኝ ድረስ በአማርኛ ለትንንሾቹ ምን መሥራት እንደሚቻል አሳይታለች። ዛሬ የመንግሥት ጣቢያዎች በየማታው አሥር ደቂቃ ለተረት ቢሰጡ፣ በየክልሉ ቋንቋ፣ ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ባለው ሰዓት፣ ገጠር ያለውም ሬዲዮ ከፍቶ ይሰማል።

ስለ መጽሐፍ ደግሞ ብዙ የምለው አለኝ፤ አንዱን ብቻ ላንሳ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ማጣታቸው አንገብግቧቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት በየሰፈሩ መጻሕፍት ማድረስ ጀመረ። አንድ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ይህን ያህል ከሄደ፣ ሚኒስቴርና ቢሮዎች ምን ያህል ሊሄዱ ይችሉ ነበር! በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ኩራታችን ነው፤ ለልጆችም ቦታ አለው። ነገር ግን የኔ ተማሪዎች አብዛኞቹ ወደ አራት ኪሎ የሚወስዳቸው ሰው የላቸውም፤ ገጠር ያሉት ጭራሽ። የመማሪያ መጽሐፍ በሚታተምበት በጀት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኦ ክፍል አንድ ሳጥን የሥዕል መጽሐፍ ይካተትልን። ትልልቅ ሥዕል፣ በየገጹ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ልጁ በሚናገረው ቋንቋ። ልጆቹም አርብ አርብ አንድ አንድ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሂዱ። ይቀደዳል፣ ይጠፋል ተብሎ ሳጥኑ ርእሰ መምህሩ ቢሮ እንዳይቆለፍበት መመሪያው ራሱ ይናገር። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ሥዕሉን እያየች ከልጇ ጋር የራሷን ታሪክ ትፈጥራለች፤ ይህ ሲሆን አይቻለሁ።

ስለዚህ ክቡራን፣ ከእናንተ የምጠብቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። አንደኛ ክፍል ላልደረሰ ልጅ የጽሑፍ የቤት ሥራ መስጠትን፣ ስድስት ዓመት ያልሞላውንም ሆነ የሞላውን ልጅ በጽሑፍ ፈትኖ መቀበልን የሚከለክል ግልጽ መመሪያ አውጡ፤ በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት እኩል ይሠራ፤ የፈቃድ እድሳት ሲመጣም ይታይ። የሱፐርቪዥን ቅጻችሁን ቀይሩልን፤ ፊደል ስንት ተሸፈነ ከሚለው በፊት ልጆቹ ምን ያህል ይናገራሉ፣ ምን ያህል ተረት ሰሙ፣ ወላጅ ስንት ጊዜ ተገናኘ የሚለው ይጠየቅ። ኦ ክፍል ክፍለ ጊዜ ያነሳቸው መምህራን መመደቢያ መሆኑ ይብቃ። ለትንንሾች የሠለጠነች መምህርት ትመደብ፤ ያልሠለጠነች ከሆነችም ክረምት ላይ በቅጡ ትሠልጥን፤ ከለመደችው ክፍልም በየዓመቱ አትነሣ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ባላውቅም እደግመዋለሁ፤ በ2002 ዓ.ም. ማዕቀፍ ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያውን ምሰሶ፣ የወላጆችን ትምህርት፣ ባለቤትና በጀት ስጡት። ሦስት ሚኒስቴሮች የተስማሙበት ጉዳይ ማንም የማይጠየቅበት ሆኖ መቅረት የለበትም።

አዲሱ ፖሊሲ የሰጠን ሁለት ዓመት አደራ አለበት። እነዚያ ሁለት ዓመታት የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ወደ ታች ተጎትቶ የሚሰጥባቸው ከሆኑ፣ ልጆቹ ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ትምህርት የሚጠሉበት ጊዜ ይረዝማል እንጂ ንባባቸው አይሻሻልም። ጨዋታ፣ ተረት፣ መዝሙርና ጭውውት የሚሰጥባቸው ከሆኑ ግን እኔና መሰሎቼ መስከረም ላይ የምንቀበላቸው ልጆች ሌላ ይሆናሉ።

የጻፍኩት በሙሉ አክብሮት ነው። ከእናንተ መካከል ማንም ሊመለከት ቢፈልግ የክፍሌ በር ክፍት ነው፤ የሥልጠና ማንዋል የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ቢቋቋምም ያለ አበል ለማገልገል ዝግጁ ነኝ። የሚቀጥለው ዓመት የተማሪዎች ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ምላሻችሁን እንድትሰጡን፣ መመሪያውም በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ወላጆች እንዲያነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉትም በስብሰባ እንዲነገራቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለወላጆች ሁሉ